የአዋቂ ጠብ፣ የልጅ ዓይን

ዛሬ ስለ አንድ ጊታር ተጫዋች ላጫውታችሁ። ብላይንድ ዊሊ ጆንሰን ይባላል፤ “ብላይንድ” ማለት ዓይነ ስውር ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1897 በአሜሪካ ቴክሳስ ተወለደ። ባለቤቱ የነበረችው ሴት እንደተናገረችው፣ ሰባት ዓመት ገደማ ሳለ አባቱና እንጀራ እናቱ ተጣሉ። በዚያ ጠብ መሐል እንጀራ እናቱ የረጨችው ለሳሙና መሥሪያ የሚውል ኃይለኛ ኬሚካል የልጁን ዓይን አጠፋው።

ዊሊ በየጎዳናው መንፈሳዊ መዝሙር እየዘመረ አደገ። ጊታሩን በጣት ብቻ አይመታም፤ ክሩ ላይ ጠንካራ ነገር እያንሸራተተ እንደ ሰው ድምፅ ያስለቅሰዋል። ከ1927 እስከ 1930 ለኮሎምቢያ የሸክላ ኩባንያ 30 ዘፈኖች ቀዳ። ከእነዚህ አንዱ፣ “ሌሊቱ ጨለማ፣ መሬቱ ቀዝቃዛ ነበር” የሚል ርዕስ ያለው፣ ቃል የለውም፤ እንጉርጉሮ ብቻ ነው። በ1977 ቮዬጀር የተባሉት መንኮራኩሮች ይህንኑ ይዘው ወደ ጠፈር ወጡ።

እሱ ግን ይህን አላየም። በ1945 ቤቱ ተቃጠለ፤ መሄጃ ስላልነበረው በእርጥቡ ፍርስራሽ ውስጥ ያድር ነበር። ብዙም ሳይቆይ ሞተ። የሞት ምስክር ወረቀቱ የወባ ትኩሳት ይላል።

“ዓይኑን ቢነሳው ድምፁን ሰጠው” የሚሉ አሉ። እኔ ግን በዚህ አልጽናናም። ችሎታው የራሱ ነው፤ ጉዳቱ ደግሞ የአዋቂዎች ጥፋት ነው። ዓይኑ ቢተርፍለትም ሊዘምር ይችል ነበር።

በእኛም ቤት በረኪናና አሲድ በሃይላንድ ጠርሙስ ተቀድቶ ወለል ላይ ይቀመጣል። ሕፃን ውሃ መስሎት ያነሳዋል፤ በንዴት ጊዜም ለእጅ ቅርብ ነው። እባካችሁ በራሱ ዕቃ፣ ከፍ ባለና በተቆለፈ ቦታ አስቀምጡት።

ዓይን ውስጥ ከገባ ደግሞ ሐኪም ቤት እስኪደርስ አትጠብቁ። ቆቡን ከፍታችሁ፣ ወዲያውኑ በንጹሕ ውሃ ቢያንስ ለ20 ደቂቃ ሳታቋርጡ እጠቡት። ቅቤ፣ ወተት ወይም ቅጠል አታድርጉበት። ከዚያ በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት፤ የኬሚካሉንም ዕቃ ይዛችሁ ሂዱ።

ጠብ ሲነሳም መጀመሪያ ልጆቹን ከአጠገባችሁ አርቁ። የተጣላ ሰው ነገ ይታረቃል፤ የጠፋ ዓይን ግን አይመለስም።