ሽታው ለማን ነው?

የሁለት ዓመቷ የእህቴ ልጅ ከሳፋው ስትወጣ ሥርዓቱ የታወቀ ነው። እናቴ ከእግሯ ጥፍር እስከ አንገቷ ሎሽን ትቀባታለች፤ ደረቷ ላይ ፓውደር ይነሰነሳል። ከዚያ ከእጅ እጅ ትዞራለች። ሁሉም አፍንጫውን አንገቷ ሥር ወሽቆ «ውይ፣ ሽታዋ ደስ ሲል!» ይላል። ልጅቱ ግን የክርኗንና የጉልበቷን መታጠፊያ ስታክክ ታድራለች።

ጣጣው የልጅን ንጽሕና በሽታ መለካታችን ነው። ልጆች ከሚቀቡት ሁሉ ለልጁ አንዳች ጥቅም የሌለው ነገር ቢኖር ሽቶው ነው፤ የገባው ለአዋቂ አፍንጫ ነው። በጠርሙሱ ጀርባ «ፓርፉም» ወይም «ፍራግራንስ» የምትል አንዲት ቃል በሥሯ በርካታ ኬሚካሎችን ልትደብቅ ትችላለች። የአውሮፓ ኅብረት አለርጂ የሚያስነሡትን በየስማቸው እንዲጻፉ ያስገድዳል፤ መጀመሪያ 26 ነበሩ፣ እ.ኤ.አ. በ2023 በወጣው ደንብ ከ80 በላይ ሆነዋል። በላቬንደር ዘይት ውስጥ ያለው ሊናሎልም ከእነሱ አንዱ ነው። «ተፈጥሯዊ» ተብሎ ስለተለጠፈበት ቆዳን አይምርም።

ወላጆች የሚፈሩት ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ነው፤ ፓራቤንን። ይህ ቅባት እንዳይበላሽ የሚጨመር ንጥረ ነገር ነው። ስጋቱ ከመሬት አልተነሣም፤ ዴንማርክ እ.ኤ.አ. በ2011 አንዳንዶቹን ከሦስት ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች በሚሠሩ ምርቶች ውስጥ ከልክላለች። ይሁንና ፓራቤንን የሸሹ አምራቾች በምትኩ ካስገቧቸው አንዱ ሜቲልአይሶቲያዞሊኖን ነበር። እሱም የልጆች መጥረጊያ ዋይፕስ ውስጥ ሳይቀር ገባ፤ የቆዳ አለርጂም በዛ። የአሜሪካ የንክኪ አለርጂ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 «የዓመቱ አለርጂ አምጪ» አለው። አውሮፓም እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ተቀብተው ከማይታጠቡ መዋቢያዎች አስወጣው። ያው ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2019 የዓመቱን ስያሜ ለፓራቤን ሲሰጥ «አለርጂ አምጪ ያልሆነ» ብሎ ነበር። ከጅብ ሲሸሹ አንበሳ ላይ መውደቅ ይሏል ይህ ነው።

የትንሽ ልጅ ቆዳ ስፋቱ ከክብደቱ ጋር ሲመዛዘን ከአዋቂው ይበልጣል። ስለዚህ የተቀባው በኪሎ ሲሰላ መጠኑ ከፍ ይላል። ዳይፐር ደግሞ እንደ ድስት ክዳን ነው፤ እርጥበቱንም ሙቀቱንም አፍኖ የተቀባውን ወደ ውስጥ ይገፋል። በፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1972 የሆነውን የሚያውቅ ይህን አይዘነጋም፤ በስሕተት 6 በመቶ ሄክሳክሎሮፊን የተባለ ኬሚካል የገባበት የሕፃናት ፓውደር 36 ልጆችን ገድሏል። እኛ ሰፈርም ለዳይፐር ሽፍታ ጎረቤት የሚያቀብለው ስቴሮይድ ያለበት ቅባት አለ። ያለ ሐኪም ትእዛዝ በዚያ ክዳን ሥር ባይገባ ይሻላል።

ልጆች የሚኳሉትን ኩልም ሳልጠቅስ አላልፍም። እሱ ደግሞ ለአዋቂ ዓይን ነው። በተለያዩ አገሮች የተመረመሩ ኩሎች እርሳስ ተገኝቶባቸዋል፤ ልጅ ደግሞ ዓይኑን አሽቶ ጣቱን ይጠባል። የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት የለውም የሚባል የእርሳስ መጠን እንደማይታወቅ ይናገራል።

እናቴን «ሽታ የሌለው ቫዝሊን ይበቃታል» ስላት «ታዲያ ምን ልትሸት ነው?» አለችኝ። እኔ ምንም ባትሸት እመርጣለሁ። እርስዎም ዛሬ ማታ የልጅዎን ሎሽን ገልብጠው ጀርባውን ያንብቡ። «ፓርፉም» የሚል ካገኙበት ለራስዎ ያድርጉት፤ ለልጁ ሽታ የሌለውን ይግዙለት።