«ቆይ፣ አባትህ ይምጣ!»

የተቀበረ ፈንጂ ፈልጎ ማግኘት ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚጠይቅ ለዚህ ጋዜጣ አንባቢያን ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል። ነገር ግን በታንዛንያ፣ በሞሮጎሮ ከተማ፣ ይህንኑ ሥራ የሚማሩ አይጦች እንዳሉ ስንቶቻችን ሰምተናል? አይጦቹ በጓዳችን የምናውቃቸው ዓይነት አይደሉም፤ እያንዳንዳቸው አንድ ኪሎ ግራም ያህል የሚመዝኑ፣ በጉንጫቸው እንደ ኮሮጆ ምግብ የሚያጭቁ ታላላቅ የአፍሪካ አይጦች ናቸው። ክብደታቸው ፈንጂውን ለማፈንዳት አይበቃም፤ አፍንጫቸው ግን ከአፈር በታች ያለውን የቲ.ኤን.ቲ. ሽታ ለይቶ ያወጣል። ከእነርሱ አንዱ፣ ማጋዋ የተባለው፣ በካምቦዲያ ላበረከተው አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ2020 የወርቅ ሜዳሊያ ተሸልሟል። በ2021 ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ያገኛቸው ፈንጂዎችና ያልፈነዱ ተተኳሾች ከ100 በላይ ነበሩ። ጡረታ ስል መቀለዴ አይደለም።

አሠልጣኙ በእጁ «ቀጭ» የምትል ትንሽ መሣሪያ ይይዛል። በመጀመሪያ አይጡ ድምፅዋን በሰማ ቁጥር ሙዝ ወይም ለውዝ ይቀርብለታል። ድምፁ ምግብ ማለት መሆኑን ከለመደ በኋላ፣ ሽታውን አግኝቶ መሬቱን በጫረባት ቅጽበት «ቀጭ» ይደረግለታል፤ ምግቡም ይከተላል። ያለ ቦታው ቢጭር ግን አይመታም፣ አይጮኽበትም፤ ዝም ይባላል እንጂ። ትምህርቱም ዘጠኝ ወር ያህል ይፈጃል።

ድምፅዋ ለምን አስፈለገች? ሙዙ ከኪስ እስኪወጣ ድረስ አይጡ ጢሙን መጥረግ ይጀምራል፤ ያን ጊዜ ሙዙ የጢም መጥረጊያ ዋጋ ይሆናል። እንስሳው የሚማረው እኛ ያሰብንለትን ሳይሆን፣ ዋጋው በደረሰበት ቅጽበት ያደርግ የነበረውን ነውና።

ነገሩ አዲስ ግኝት አይደለም። ቶርንዳይክ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1898 የተራቡ ድመቶችን በሣጥን እየዘጋ፣ መውጫውን በአጋጣሚ ያገኘች ድመት ሙከራው በተደጋገመ ቁጥር ፈጥና እንደምትወጣ አሳይቷል። ከእርሱ በኋላ የተነሣው ስኪነርም፣ አልፎ አልፎ ብቻ ዋጋ ያገኘ ልማድ ዘወትር ዋጋ ካገኘው ይልቅ ለመጥፋት አስቸጋሪ መሆኑን አረጋግጧል። ይህን ለማወቅ እናቶቻችን ቤተ ሙከራ አላስፈለጋቸውም፤ ለከረሜላ አልቅሶ አምስት ጊዜ ተከልክሎ በስድስተኛው የተሰጠው ልጅ፣ ለሌላ ጊዜ ስድስት ጊዜ ማልቀስን ተምሯል።

ቅጣትም ያው ነው። እኔ ይህን የተረዳሁት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከገዛ ቤቴ ነው።

ከሦስት ወር ግዳጅ በኋላ በፈቃድ ስመለስ፣ ሻንጣዬን ሳላወርድ ባለቤቴ የሰባት ዓመት ልጃችንን ጥፋት አንድ በአንድ ዘረዘረችልኝ። ሦስት ወር ሙሉ «ቆይ፣ አባትህ ይምጣ!» ሲባል ከርሞ ኖሯል። ብርጭቆውን ማን እንደ ሰበረው ስጠይቀው፣ «እኔ ነኝ፣ አባባ» አለኝ። ቀበቶዬን ፈታሁ። ብርጭቆው ከተሰበረ ወር አልፎታል፤ ከቀበቶው ጥቂት ሰኮንድ ቀድሞ ልጁ የሠራው ሥራ ቢኖር እውነቱን መናገሩ ብቻ ነበር።

በቀጣዩ ፈቃዴ በር ላይ አልተቀበለኝም። የጫማዬን ድምፅ ሲሰማ አልጋ ሥር ገብቶ ነበር። ወጥቶ ስለ ተሰበረው ሳሕን ሲጠየቅ «ድመቷ ናት» አለ። እኛ ቤት ድመት የለችም።

በዚያ ሌሊት ከባለቤቴ ጋር ብዙ ተነጋገርን። የዕለቱ ጥፋት በዕለቱ እንዲያልቅ፣ ለእኔ መምጫ የሚቆይ ክስ እንዳይኖር ብጠይቃት፣ «አንተ ከረሜላ ይዘህ የምትመጣ እንግዳ ልትሆን ነው፤ ወሩን ሙሉ ክፉዋ እኔ ብቻ ልሁን?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም፤ አሁንም የተሟላ መልስ ያለኝ አይመስለኝም። ሦስት ልጆችን ብቻዋን የምታሳድግ ሴት የባልዋን ስም ብትመዝ አይፈረድባትም። በመጨረሻ የተስማማነው እንዲህ ነው፦ ማስፈራሪያው ይቅር፤ እኔም ከያለሁበት ስደውል ልጁ በዚያ ሳምንት ያደረገውን አንድ መልካም ነገር አስቀድማ ትንገረኝና፣ ያንኑ ስሙን ጠርቼ ላመስግነው።

ለውጡ ቶሎ አልመጣም። ሁለት ፈቃድ አለፈ፤ ልጁ ከአልጋ ሥር ወጣ እንጂ ከእናቱ ነጠላ ኋላ አልወጣም። በሦስተኛው ግን፣ ቤት ተቀምጬ ሳለሁ ከማድ ቤት የብርጭቆ ድምፅ ተሰማ። ጥቂት ቆይቶ መጣና ከፊቴ ቆመ፤ ዓይኑን ከቀበቶዬ ላይ አልነቀለም። «አባባ፣ ሰበርኩት» አለኝ።

እግሩን እንዳልቆረጠው ጠየቅሁት። ከዚያ መጥረጊያውን እርሱ፣ ማፈሻውን እኔ ይዘን ወደ ማድ ቤት ገባን።