ቃል ሲጠፋ የሚመጣው ቃል

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ በቦሌ መድኃኔዓለም ዙሪያ ካሉት ካፌዎች ባንዱ አረፍ ላለ ሰው፣ ሦስት ትውልድ በአንድ ጠረጴዛ ሲያወራ መስማት ብርቅ አይደለም። አያት «እንትን... ያው... ምን ልበልህ» ይላሉ። እናት «ማለቴ... በቃ... አይደል?» ትላለች። ልጅ ደግሞ «ላይክ... ኧም... አይ ሚን» ይላል። ሦስቱም የሚያደርጉት አንድ ነገር ነው፤ ቃሉ እስኪመጣላቸው ድረስ ተራቸውን እንዳይነጠቁ ይዘው ይቆያሉ።

ብዙዎቻችን ይህን የስንፍና ምልክት አድርገን እናየዋለን። «አትንተባተብ፣ አስተካክለህ ተናገር» እንላለን። አጥኚዎች ግን ሌላ ነገር አግኝተዋል። ኸርበርት ክላርክና ጂን ፎክስ ትሪ በ2002 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች አጭር ቆይታ ሲገጥማቸው «ኧህ»፣ ረዘም ያለ ሲሆን «ኧም» እንደሚሉ አሳይተዋል። ድምፁ ለአድማጩ «አልጨረስኩም፣ ጠብቀኝ» የሚል መልእክት ነው ማለት ነው።

በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣ የአሜሪካው ሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ ጥናት ደግሞ ይበልጥ ወላጆችን ይመለከታል። ለሕፃናት አንድ የሚያውቁትና አንድ የማያውቁት ነገር በሥዕል ይቀርብላቸዋል። ተናጋሪው «ኧ...» ብሎ ሲያመነታ፣ ሁለት ዓመት ያለፋቸው ልጆች ስሙ ሳይጠራ በፊት ዓይናቸውን ወደማያውቁት ይልካሉ። አዲስ ቃል ሊመጣ መሆኑን ከማመንታቱ ያውቃሉ።

እያንዳንዱ ቋንቋ የራሱ መቆያ አለው። የህንድ ፊልም የምታዩ ሰዎች «ማትላብ» የምትለዋን ቃል ሳትሰሙ አልቀራችሁም። በሂንዲ ትርጉሟ «ማለት» ነው፤ ሥራዋም ከእኛ «ማለቴ» ጋር አንድ ነው። የእኛ «እንትን» ግን ከመቆያም በላይ ናት። «እንትኑን አቀብለኝ»፣ «እንትን አድርጊው»፣ «እነ እንትና መጡ» እያልን በጠፋው ቃል ቦታ እናስገባታለን። ዓረፍተ ነገሩ በአማርኛ ሥርዓት ይቀጥላል፤ የጎደለው አንድ ቃል ብቻ ነው።

ጭንቀቱ ያለውም እዚህ ላይ ነው። ብዙ የሰፈራችን ልጆች ቀን እንግሊዝኛ በሚነገርበት የግል ትምህርት ቤት ይውላሉ፤ ማታ ከዩቲዩብ ጋር ያመሻሉ። አማርኛ ቃል ሲጠፋቸው የሚሄዱት ወደ እንግሊዝኛው ነው። ልጁ «እማማ፣ ዛሬ እኮ... ላይክ...» ብሎ ሲቆም፣ ከጎን ያለ ሰው «በቃ በእንግሊዝኛ ንገረኝ» ይለዋል። ወሬው ይቀጥላል፤ አያት ግን ከወሬው ወጥተዋል። ፈገግ ብለው ዝም ይላሉ። ይህ ሲደጋገም ልጁ ለአያቱ ማውራቱን ይተዋል። «ላይክ» ማለቱ ብቻውን ጉዳት አልነበረውም፤ ጉዳቱ እኛ ሳንጠብቀው መቅረታችን ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? መጀመሪያ ልጁ ሲቆም ቆዩለት፤ ቃሉን ከአፉ አትንጠቁት፣ በአነጋገሩም አትሳቁ። ቃሉ ካልመጣለት «ወፍጮ ቤቱን ነው? ጎተራውን ነው?» እያላችሁ አማራጭ ስጡት። «ላይክ አትበል» ከማለት ይልቅ «እንትን» ማለትን አስለምዱት፤ እንትን ካለ ገና አማርኛው ውስጥ ነው። አያቶችም ተረት ስትነግሩ አውቃችሁ ቁሙ፦ «ከዚያ ጦጢት እንትኑ ላይ ወጣች... ያ ትልቁ...» በሉና «ዛፉ!» እስኪል ጠብቁት።

አንድ ማሳሰቢያ። ከ2 እስከ 5 ዓመት ያሉ ልጆች ቃል መደጋገማቸው የተለመደ ነው፤ አብዛኞቹንም በጊዜው ይተዋቸዋል። ነገር ግን የመጀመሪያውን ድምፅ ደጋግሞ የሚይዘው ከሆነ፣ ሲናገር ፊቱ የሚጨናነቅ ከሆነ፣ መናገር መሸሽ ከጀመረ ወይም ነገሩ ከ6 ወር በላይ ከቆየ ባለሙያ ዘንድ መውሰድ ይገባል። እስከዚያው «ቀስ በል፣ እንደገና ጀምር» ማለት አይረዳውም፤ እናንተው ረጋ ብላችሁ ማውራት ይረዳዋል።

ትንፋሻችንን ወደ ውስጥ ስበን የምንላት «እ» አለች አይደል? እሷን አትሰስቱለት። አያቱ እየሰሙት መሆኑን የሚያውቀው በእሷ ነው።