ሌባውን ማን ጀግና አደረገው?

ባለፈው ሰሞን ማታ መኝታ ክፍላችን ውስጥ የሮበርት ፎርቹን ወሬ ተነሣ። ተራኪው ጓደኛችን ዓይኑ በርቶ ያወራል፤ እኛም ሻያችን እስኪቀዘቅዝ አፋችንን ከፍተን እንሰማለን። ስኮትላንዳዊው አትክልተኛ በ1848 (በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ግንባሩን ተላጭቶ፣ የፀጉር ጉንጉን ከኋላው አሰፍቶ፣ የቻይና ልብስ ለብሶ ለፈረንጅ ወደተከለከለው የሻይ አገር ዘለቀ፤ ፍሬና ችግኙን አሾልኮ ሕንድ አደረሰ። «ወንድ ማለት እንዲህ ነው!» ተባለ። እኔን ያንገበገበኝ ይህች ቃል ናት።

ወንድ? ሰውየው እኮ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ በዓመት 500 ፓውንድ ቆርጦለት የላከው ደመወዝተኛ ነው። በሩንም የከፈተለት መድፍ ነው። እንግሊዝ ለሻይ የምታፈሰው ጥሬ ብር ቢቆጫት በሕንድ ያስመረተችውን ኦፒየም ቻይና ውስጥ አራገፈች። ቻይና እምቢ ብትል ከ1839 እስከ 1842 ወጋቻት፤ በናንኪንግ ውል አምስት ወደቦች አስከፈተች። የእኛ «ወንድ» የገባው በዚያ በር ነው።

ደግሞስ ችግኝ ብቻውን ምን ያደርጋል? ፎርቹን ፍሬውን በመስተዋት ሣጥን አፈር ውስጥ ዘርቶ መርከብ ላይ እንዲበቅል አደረገ፤ ብልሃት ነው፣ አልክድም። ግን ቅጠሉን አጠውልጎ፣ አሽቶ፣ በምጣድ አምሶ ሻይ የሚያደርገው እጅ ነው። ይህን ስላወቀ በ1851 ቻይናውያን ባለሙያዎችን ከነመሣሪያቸው ይዞ ሄደ። በተረቱ ውስጥ እነሱ ስም የላቸውም። ይባስ ብሎ የአሳም ሲንግፎዎች የራሳቸውን ዱር በቀል ሻይ ጥንቱንም ይጠጡ ነበር። በ1823 አንድ ስኮትላንዳዊ አየውና «ተገኘ» ተባለ! የቻይናው ዝርያ እንደ ዳርጂሊንግ ባለው ብርዳም ተራራ ሲስማማው፣ የአሳምን ሰፊ እርሻ የሞላው በመጨረሻ ይኸው የአገሩ ተክል ነው። ስለዚህ «ታላቁ ሌባ» እያሉ መርገምም ያው ማሞገስ ነው፤ የሕንድን ሻይ በሙሉ ለአንድ ሰው መስጠት ነው።

አንዱ ጓደኛዬ፣ «ተክል ባለቤት የለውም፤ የእኛስ ቡና ባሕር ተሻግሮ የለም ወይ?» ሲል ተከራከረኝ። ይሻገር! ጠቤ ከተክሉ ጋር አይደለም። ከ1863 እስከ 1866 ወደ አሳም ከተጋዙት 85 ሺህ ገደማ ሠራተኞች ከ30 ሺህ በላይ የሚሆኑት ሞቱ ወይም ጠፉ። የ1865ቱ ሕግ ደግሞ ያመለጠውን ሠራተኛ የእርሻው ጌታ ያለ ፍርድ ቤት ማዘዣ ራሱ እንዲይዘው ፈቀደ። ቅጠሉ በርካሽ ለንደን የደረሰው በዚህ ሂሳብ ነው።

ለዚያ ተራኪ ጓደኛችን አንድ ጥያቄ አለኝ። ሌሊት ከዚያ እርሻ ሾልኮ ጫካ ለጫካ ወደ አገሩ ሊመለስ የሞከረውን ለቃሚስ ምን ትለዋለህ? መልስህን ለሚቀጥለው እትም ጻፍ፤ ገጹ ክፍት ነው።