ሃምሳ ሰባት በማን አቆጣጠር?

አጎቴ አሰላ ግቢያቸው ያቆሟት ቀይ ማሲ ፈርጉሰን 35 የስንት ዓመተ ምሕረት እንደሆነች ሲጠየቁ አያመነቱም። «ሃምሳ ሰባት ናት» ይላሉ። ሊብሬ የላትም፤ የሸጠላቸው ሰው እንዲያ ብሏል፣ አለቀ። እኔን ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ሃምሳ ሰባት በማን አቆጣጠር?

በፈረንጅ ከሆነ ነገሩ ይከብዳል። እ.ኤ.አ. 1957 ከኮቨንትሪ ፋብሪካ ይወጡ የነበሩት 35 ሞዴሎች ኮፈናቸው ግራጫ፣ ሞተርና ካምቢዮአቸው ወርቃማ ነበር። ቀዩ የመጣው ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ነው። ናፍጣዎቹም ባለ አራት ሲሊንደር ነበሩ፤ በብርድ ጠዋት ሾፌሩን የሚያስለምኑ። ባለ ሦስት ሲሊንደሩ ፐርኪንስ የተገጠመው ከ1959 መጨረሻ ወዲህ ነው። በእኛ ሃምሳ ሰባት ከሆነ ደግሞ እ.ኤ.አ. 1964 መገባደጃ ላይ እንደርሳለን፤ 35 አብቅቶ አፍንጫው ማዕዘን ያለው 135 ሲተካ።

ኮፈኑን ከፍተን ከፖምፓው ወደ ኖዝሎቹ የሚሄዱትን ቱቦዎች ቆጠርን። ሦስት። አጎቴ ፈገግ አሉ፤ እኔ ግን አላመንኩም። ሞተር ይቀየራል፣ ፓራፋንጎ ከሌላ ትራክተር ሬሳ ይነቀላል፣ ቀለም ደግሞ ከሁሉ የባሰ ውሸታም ነው። የሚታመነው ቀለም ቀቢው እጁን ማስገባት የሰነፈበት ቦታ ነው። ካምቢዮው ጎን የተጋገረውን ቅባትና ጭቃ በቢላ ስንፍቅ ከሥሩ ግራጫ ወጣ። ወርቃማ ዘር የለም። የኮፈኑ ውስጥም ቀይ ነው። የፈረንጁ ሃምሳ ሰባት እዚያ ላይ ወደቀ ማለት ይቻላል።

አርሲ ውስጥ ይህ የጨዋታ ጉዳይ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን ድጋፍ ካዱ የተባለው የእርሻ ልማት ፕሮጀክት ጭላሎ ላይ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ትራክተር ያስገባ ባለርስት ሁሉ ጭሰኛውን ማስነሳት ቀለለው። አጎቴ የጭሰኛ ልጅ ናቸው። አባታቸውን ያስነሳችው ቀይ ትራክተር ይህቺ ትሁን አትሁን ሳያሳስባቸው አይቀርም፤ እኔ አልጠየቅኳቸውም።

የቀረን ከመሪው ሥር ያለችው፣ የፋብሪካ ቁጥር የተመታባት ትንሽ ቆርቆሮ ነበረች። በቀለም ተደፍናለች። አጎቴ የብርጭቆ ወረቀት ይዘው ሲመጡ ጮህኩ፤ የተፈገፈገ ቁጥር አይመለስም። ቲነር ያስነካሁትን ጨርቅ ይዤ ግማሽ ሰዓት ተንበረከክሁ። ፋብሪካው እያንዳንዱን ዓመት የጀመረበት ቁጥር በዝርዝር አለ፤ የእሷ 1963 ላይ አረፈ፣ በፈረንጅ። ሃምሳ ሰባት አገር የገባችበት ዓመት ሳይሆን አይቀርም።

አጎቴ በጣታቸው ቆጠሩና «ታዲያ በእኛ ሃምሳ አምስት ናት ወይስ ሃምሳ ስድስት?» አሉኝ።

ከመስከረም በፊት መሠራቷን ወይም በኋላ መሠራቷን ቆርቆሮዋ አትናገርም።