የማዘጋጃ ቤት ጸሐፊ ደረጃና ደመወዝ የከተማ ነዋሪ ሁሉ ጉዳይ ነው



የይዞታ ፋይላችሁ፣ የልጃችሁ የልደት ምስክር ወረቀት፣ የግብር ደረሰኛችሁ በማን እጅ ያልፋል? በከንቲባው እጅ አይደለም። በመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ፣ በገንዘብ ሰብሳቢው፣ በጸሐፊዋ እጅ ነው። ገዥው ፓርቲ ስለ መልካም አስተዳደር በየመድረኩ ሲደሰኩር እነዚህን ሠራተኞች የሚያነሳቸው ለወቀሳ ነው። ጉቦ የሚቀበል ጸሐፊ የለም አንልም። ነገር ግን አገልግሎቱን የተሸከመው ሠራተኛ በሥራው ክብደት ልክ ይከፈለዋል ወይ ብሎ የሚጠይቅ ባለሥልጣን አላየንም።

ቀድሞ «ጽሂ»፣ «ፕሳ» በሚሉ ፊደላት ይመደብ የነበረው የመንግሥት ሥራ በ2010ዎቹ መጀመሪያ በነጥብ ምዘና ወደ 22 ደረጃዎች ተሸጋግሯል። ቢፒአር፣ ቢኤስሲ፣ ካይዘን እየተባለ ሲፈራረቅ ከኖረው ሁሉ ይኸኛው የተሻለ ሐሳብ ነበር፤ ምዘናን በመርሕ አንቃወምም። የምንቃወመው የሥራው መጠሪያ ተመዝኖ ሥራው ሳይመዘን መቅረቱን ነው። የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ የሥራ ዝርዝር ፋይል ማውጣትና መመለስ ይላል። በተግባር ግን ባለጉዳይ ታስተናግዳለች፣ ደብዳቤ ትተይባለች፣ መረጃ ወደ ኮምፒውተር ታስገባለች፤ አለቃዋ ስብሰባ ሲሄድም (የማይሄድበት ቀን ካለ!) ቢሮውን ትጠብቃለች። ፋይል ቢጠፋ ተጠያቂዋ እሷ ናት። ኃላፊነቱ ለቅጣት ሲሆን ከባድ፣ ለደመወዝ ሲሆን ቀላል ሆኖ ይቆጠራል።

በጥር 2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በሺዎች የሚቆጠሩ የከተማ አስተዳደር ሠራተኞችና ኃላፊዎች ለብቃት ፈተና ተቀምጠዋል። ሠራተኛውን ለመፈተን ጊዜም በጀትም ይገኛል፤ ሠራተኛው የሚሠራውን ሥራ ወንበሩ ድረስ ሄዶ ለመመዘን ግን አይገኝም።

ደመወዝ ጨምረናል ይሉናል። እውነት ነው፣ ጨምረዋል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ዋጋ ለገበያ ተለቅቆ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር ከ100 ብር በላይ ከዘለለ በኋላ፣ በ2017 ዓ.ም. ዝቅተኛው ደመወዝ ከ1,100 ወደ 4,760 ብር ከፍ አለ። ያ ማስተካከያ ለታችኛው ያደላ ነበር። በመስከረም 2018 ዓ.ም. ግን ዝቅተኛው ከ4,760 ወደ 6,000 ብር ሲገባ፣ ከፍተኛው ከ21,492 ወደ 39,000 ብር ወጣ። ለታችኛው 1,240 ብር፣ ለላይኛው 17,508 ብር መሆኑ ነው። በ6,000 ብር ቤት ተከራይቶ ልጅ ማስተማር ይቻላል የሚል ሹም ካለ አንድ ወር ይሞክረው። ልዩነቱ በዚህ መጠን ሲሰፋ ያለ አግባብ በዝቅተኛ ደረጃ የተመደበ ሠራተኛ ጉዳት በእያንዳንዱ ጭማሪ ይብሳል።

በክልል ከተሞች ሌላ በደል አለ። በአንድ ቢሮ ውስጥ በመደበኛ በጀት የሚከፈለውና በማዘጋጃ ቤታዊ ገቢ የሚከፈለው ሠራተኛ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። የአንዱ ደመወዝ ከመንግሥት ግምጃ ቤት፣ የሌላው ከተማው ከሚሰበስበው ኪራይና የአገልግሎት ክፍያ ይወጣል። ገቢ ሲቀንስ ደመወዙን የሚጠባበቀው ሁለተኛው ነው። እኩል ዋጋ ላላቸው የሥራ መደቦች እኩል መነሻ ደመወዝ እንደሚከፈል በፌዴራሉ አዋጅ ቁጥር 515/1999 ከተጻፈ ስንት ዓመት ሆነ?

ሠራተኛው ተደራጅቶ ቢጠይቅስ? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 42 የመደራጀት መብትን ከተወሰነ የኃላፊነት ደረጃ በታች ላሉ የመንግሥት ሠራተኞችም ሰጥቷል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ግን የመንግሥት አስተዳደር ሠራተኛን አይመለከትም። የመደራደሪያ ጠረጴዛ የሌለው መብት በወረቀት ላይ ቀርቷል።

ስለዚህ የጽሕፈት፣ የመዝገብና የገንዘብ ነክ ሥራዎች በሙሉ በተጨባጭ በሚሠራው ሥራ እንደገና እንዲመዘኑ እናደርጋለን፤ በመዛኙ ኮሚቴ ውስጥ ሠራተኞች ራሳቸው የመረጧቸው ተወካዮች ይቀመጣሉ። እያንዳንዱ ሠራተኛ ያገኘውን ነጥብ በጽሑፍ ይቀበላል፣ ቅር ካለው ይግባኝ ይላል። በተጠባባቂነት የሠራ የቦታውን ልዩነት ይከፈለዋል። በማዘጋጃ ቤታዊ ገቢ የሚተዳደረው ሠራተኛ ደመወዝ በገቢ መቀነስ ምክንያት እንዳይዘገይ ክልሉ ዋስ ይሆናል።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል ለሚሉን፣ ከተማ ኪራይና ግብር የሚሰበስበው በመዝገቡ ነው። ፋይሉ የጠፋ ይዞታ ኪራይ አይከፍልም፤ ያልተመዘገበ ሱቅ ግብር አይከፍልም። ለስብሰባ አበልና ለባነር የሚወጣውም ወጪ ይታያል። የመጀመሪያውን የምዘና ውጤትና የሚያስፈልገውን በጀት ምክር ቤት በገባን በመጀመሪያው የበጀት ዓመት በይፋ እናቀርባለን።