ከባሕር በር በፊት የሐይቅ በር ይከፈትልን!

ጎበዝ! ጥቅምት 2016 ዓ.ም. ላይ ጠቅላይ ሚኒስትሩ በቴሌቪዥን ቀርበው የቀይ ባሕርን ጉዳይ ካነሱት ወዲህ አገሩ በሙሉ መርከበኛ ሆኗል። ታክሲ ውስጥ ስለ አሰብ ይወራል፣ ፀጉር ቤት ውስጥ ስለ ዘይላ ይወራል፣ ማኪያቶ ይዞ የተቀመጠው ሁሉ አድሚራል ነው። እኛ ወሬውን አንቃወምም። እስከ 1985 ዓ.ም. ድረስ ባሕር የነበረው አገር ስለ ባሕር ቢያወራ ምን ይገርማል? ግን አንዲት ትንሽ ጥያቄ አለችን፤ ትንሽ በመሆኗ ነው መሰል የሚመልስልን አላገኘንም። የባሕሩስ ይሁን፤ ሐይቁን ማን ዘጋብን?

ጥያቄያችን ስለ ቢሾፍቱ ነው። ባሕር ያላቸው ከተሞች ቅዳሜ ሲመጣ ሰዉ ፈታ ሊል የሚሄድበት የባሕር ዳር ሰፈር አላቸው። ለእኛ ለሸገር ልጆች ያቺ ሰፈር ቢሾፍቱ ናት፤ ታላላቆቻችን እስከ ዛሬ ደብረ ዘይት የሚሏት። ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትርቅ ነው። ፓስፖርት አይጠየቅም፣ ሻንጣ አይያዝም። ጠዋት ከቃሊቲ ሚኒባስ ተሳፍሮ ማታ እቤት መግባት ይቻላል። ለቺስታ ከዚህ የተሻለ የሽርሽር አገር ከየት ይመጣል?

ደስታው የሚጀምረው ገና መንገድ ላይ ነው። ዱከም ሲደረስ ሥጋ ቤቶቹ በአስፋልቱ ግራና ቀኝ ተሰልፈው ይጠብቃሉ። ጨላ ያለው ቁርጡን በአዋዜና በሚጥሚጣ ያጣጥማል፣ የሌለው አንዱን ጥብስ ለአራት ይካፈላል፤ ሁለቱም ጣቱን ልሶ ነው የሚነሳው። ቢሾፍቱ ከተገባ በኋላ ደግሞ በባጃጅ ከሐይቅ ሐይቅ መዞር ነው። አንዲት ከተማ ውስጥና ዙሪያዋን ቢሾፍቱ፣ ሆራ፣ ባቦጋያ፣ ኩሪፍቱ፣ ጨለለቃ፣ አረንጓዴው ሐይቅ፤ ቁጠሩ እስቲ! ምሳ ላይ አሳ ጥብስ ወይም አሳ ጉላሽ፣ በተለይ በጾም ወራት፣ «አሳ በጾም ይበላል አይበላም» የሚለው የማያልቅ ክርክር እየታከለበት። ከዚያ ከሰዓት በኋላ ጀበና ቡና በፈንድሻ። ይህን ሁሉ በትንሽ ብር ማግኘት ይቻላል።

አንድ ነገር ብቻ ይጎድላል። ውሃው።

አዎ፣ ሐይቅ ልናይ ሄደን ሐይቁን ሳናይ የምንመለስባት ከተማ ናት። ባጃጁ በሐይቁ ዙሪያ ይዞረናል፤ በቀኝ አጥር፣ በግራ አጥር። ግንብ፣ ቆርቆሮ፣ የብረት በር፣ ደግሞ ግንብ። በአጥሮቹ መካከል አልፎ አልፎ አንድ ሰማያዊ ነገር ብልጭ ትልና ትጠፋለች። ያቺ ናት ሐይቁ። ሙሉ በሙሉ ተዘግቷል አንልም፤ ክፍት የሆኑ ጥጎች አሉ። ግን የቱ ጥግ ክፍት እንደሆነ የሚያመለክት አንድ ታፔላ ፈልጎ ከማግኘት ሎተሪ ማሸነፍ ይቀላል።

በሩን አልፎ ለመግባት የሚፈልግ ደግሞ ዘበኛው አጠገብ የተሰቀሉትን ትእዛዛት ያነብባል። መግቢያ ይህን ያህል ብር። ካሜራ ይህን ያህል ብር። ከሁሉ የምትገርመን ግን ሦስተኛዋ ናት፦ «ከውጭ ምግብና መጠጥ ይዞ መግባት ክልክል ነው።» እስቲ አስቡት! ሽርሽር ማለት እኮ በእኛ አገር ምሳ ዕቃ ማለት ነው። እናቶቻችን ድፎውን ደፍተው፣ ወጡን በሰርቪስ ቋጥረው፣ የቡናውን ረከቦት ሳይቀር ተሸክመው የሚወጡት ነገር ነው። ለአንድ ቤተሰብ ሽርሽርን ከህልም ወደ ቅዳሜ የምታወርደው ያቺ ምሳ ዕቃ ናት። እሷን በር ላይ ማስቀረት ማለት «ሐይቁ የናንተ ዓይነት ሰው አይደለም የሚያየው» ማለት ነው፤ በጨዋ ቋንቋ።

አንዳንዱ «ታዲያ ሌላ ቦታ ሂዱ፣ ሐይቁ ሰፊ ነው» ይለናል። ይህን የሚል ሰው የቢሾፍቱን ሐይቆች አያውቃቸውም። ቢሾፍቱ፣ ሆራና ባቦጋያ በእሳተ ገሞራ ፍንዳታ በተቦረቦሩ ጉድጓዶች ውስጥ የተኙ ሐይቆች ናቸው። ዳርቻቸው እንደ ላንጋኖ ለጥ ያለ አሸዋ አይደለም፤ ገደል ነው። የቢሾፍቱ ሐይቅ ከ80 ሜትር በላይ ይጠልቃል። ስለዚህ ወደ ውሃው የሚያስወርዱት መንገዶች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ውሃውን ከላይ ለማየት የሚመቸውም የገደሉ አፋፍ ብቻ ነው። አፋፉን የያዘ ሐይቁን ያዘ። ሰፊ ሐይቅ ዳር ላይ አንድ አጥር አንድ አጥር ነው፤ እዚህ ግን አንድ አጥር አንድ ሰፈር ሙሉ ሰው ከውሃው ይለያል።

ለመሆኑ ውሃው የማን ነው? ሕጉ አያሻማም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 3 መሬትም ሆነ የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ብቻ ነው ይላል። የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ደግሞ የአገሪቱ ውሃ በሙሉ የሕዝቡና የመንግሥት የጋራ ሀብት እንደሆነ ደንግጓል። ባለሆቴሉ በሊዝ የወሰደው መሬት ነው፤ ሐይቅ በሊዝ የወሰደ ሰው የለም። ታዲያ የጋራ ንብረታችንን ለማየት የምንከፍለው ለማን፣ ስለምን ነው? ቤታችሁ ሳሎን ለመግባት ኮሪደሩን የተከራየው ሰው ትኬት ቢቆርጥባችሁ ዝም ትላላችሁ?

ውሃ ለሁሉም ክፍት ነው የሚለው ሐሳብ ከባሕር ማዶ የመጣ ፈሊጥ አይደለም፤ እዚያው ቢሾፍቱ ውስጥ የኖረ ነው። በየዓመቱ ከመስቀል በኋላ ኢሬቻ በሆራ አርሰዲ ሲከበር ሕዝቡ እርጥብ ሣርና አደይ ይዞ ወደ ውሃው ይወርዳል፤ ክረምቱን አሳልፎ ለብርሃን ላበቃው አምላክ ምስጋናውን ያቀርባል። በዚያ ቀን ማንም ለማንም ትኬት አይቆርጥም። ሐይቁ የሕዝብ ነው የሚለውን ለማረጋገጥ ከዚህ የበለጠ ምስክር አንፈልግም። የምንጠይቀው በዓመት አንድ ቀን የሚታወቀው ነገር በቀሪዎቹ ቀኖችም እንዲታወቅ ነው።

«ክፍት ከሆነ ይቆሽሻል፣ ኢንቨስተርም ይሸሻል» የሚሉንን ደግሞ ሐዋሳን አሳዩን እንላቸዋለን። ሐዋሳ ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከቢሾፍቱ ስድስት እጥፍ ይርቃል። እዚያ ግን ፍቅር ሐይቅ ዳር ተማሪው፣ ሙሽራው፣ ሽማግሌው ሁሉ ይንሸራሸራል። አሞራ ገደል ጠዋት የደረሰ ሰው ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸውን ሲያራግፉ፣ ልጆቹ ቆሮሶውን በቢላ ሲበልቱ፣ አባ ኮዳዎቹ እንደ ሥጋ ቤት ደንበኛ ተኮፍሰው ትርፍራፊ ሲጠብቁ ያያል። የአሳ ሾርባው ትኩስ ነው፣ ጥብሱ በዳጣ ነው፣ ደፋሩ ጥሬውንም ይሞክራል። ያ ሁሉ ሰው ሥራ ያገኘው ዳርቻው ሰው የሚደርስበት ስለሆነ ነው። ጀልባ ነጂው፣ ቡና አፍይዋ፣ ሎተሪ አዟሪው ከዚያው ይበላሉ። ትልልቆቹ ሆቴሎችስ ሸሹ? የኃይሌ ገብረሥላሴን ሪዞርት ጨምሮ እዚያው ሐይቁ ዳር ቆመዋል። ሐዋሳ ገነት ናት ማለታችን አይደለም፤ እዚያም አጥር አለ። ግን ሆቴልና መንገደኛ አንድ ሐይቅ መካፈል እንደሚችሉ ለማየት ከሐዋሳ በላይ መሄድ አያስፈልግም።

ሄደን እንይ ካልን ደግሞ ሞምባሳ አለች። የባሕር በር የሚባለውን ነገር ከልጅነቱ የሚያውቀው የሞምባሳ ሰው ከከተማው ወጣ ብሎ ባምቡሪ ይወርዳል። ባምቡሪ የሆቴል መንደር ናት፤ ዳርቻው በሪዞርት የተሞላ ነው። ሆኖም በመካከሉ የጆሞ ኬንያታ የሕዝብ ባሕር ዳርቻ አለ። በዓል ሲሆን ሰዉ ከነልጁ ይጎርፋል፤ ሱሪውን ሰብስቦ ውሃ ውስጥ ይገባል፤ በቢላ የተበሳ ለጋ ኮኮናት ይጠጣል፤ በሊጥ ተነክሮ የተጠበሰ ድንች ይበላል። ባሕር ያለው አገር ማለት ይህ ነው። መርከብ ብቻ አይደለም፤ እግሩን የሚያርስ ሰው ጭምር ነው።

የቆሻሻውን ነገር አንክድም። እኛው ወጣቶቹ በሄድንበት የሃይላንድ ጠርሙስና የጫት ገረባ የምንዘራ ብዙዎች ነን፤ ነውር ነው። ነገር ግን ሰው የሚጠብቀው የኔ ያለውን ነው። በአጥር ቀዳዳ የሚያየውን ውሃ ማን ይጠብቃል? እነዚህ ሐይቆች መውጫ ወንዝ የላቸውም፤ የገባባቸው ቆሻሻ እዚያው ይቀራል፣ ከምሳ ዕቃም ይሁን ከመታጠቢያ ቤት ቱቦ። ከአጥሩ ጀርባ ምን እንደሚለቀቅ ለማየትም እኮ መጀመሪያ መግባት ያስፈልጋል።

«ቦታ የለም፣ አቅም የለም» የሚባለው ደግሞ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ አይሠራም። በኮሪደር ልማት ስም ስንት አጥር በስንት ቀን እንደሚፈርስ፣ ስንት የእግረኛ መንገድ በስንት ሌሊት እንደሚነጠፍ በገዛ ዓይናችን አይተናል። ፒያሳ ላይ የድሃ ቤት ለእግረኛ መንገድ ሲባል ከፈረሰ፣ የሀብታም አጥር ለእግረኛ መንገድ ሲባል ሁለት ሜትር ፈቀቅ ማለት ያቅተዋል? እኛ የማንም ቤት ይፍረስ አላልንም። ሆቴሉም ይኑር፣ ሠራተኛውም ደመወዙን ያግኝ፣ ገንዘብ ያለውም መዋኛው ዳር ይጋደም። ያልነው አጥሩ ፈቀቅ ይበል ነው።

ጥያቄያችን አራት ነው። አንደኛ፣ በእያንዳንዱ ሐይቅ አፋፍ ላይ ሰው በእግሩ የሚሄድበት መንገድ፣ ቢያንስ በአንድ በኩል ደግሞ እስከ ውሃው የሚያወርድ ደረጃ ይሠራ፤ ውሃው ወዲያው ስለሚጠልቅ ዋና የሚያውቅ ጠባቂም ይቁም። ሁለተኛ፣ መግቢያው የት እንደሆነ የሚያሳይ ታፔላ ይተከል። ሦስተኛ፣ መጸዳጃ ቤትና የቆሻሻ መጣያ ይኑር፤ ለዚህ ትንሽ መግቢያ ብንጠየቅ አንጮህም፤ ምሳ ዕቃችን ግን አይነካ። አራተኛ፣ ከእንግዲህ ሐይቅ ዳር መሬት የሚሰጥ ከተማ ውሉ ላይ አንዲት መስመር ይጨምር፦ የሕዝብ መተላለፊያ አይዘጋም።

ይህን ለማድረግ ከማንም አገር ጋር ድርድር አያስፈልግም። የመግባቢያ ሰነድ አይፈረምም፣ አደራዳሪ አይጠራም፣ ጎረቤት አይቆጣም። ቁልፉ ያለው እዚሁ፣ 45 ኪሎ ሜትር ላይ፣ አንድ የማዘጋጃ ቤት ጠረጴዛ መሳቢያ ውስጥ ነው። አሰብን ለልጅ ልጆቻችን እናወርሳለን የምትሉ ሁሉ፣ እስከዚያው ለልጆቻችን ሆራን አሳዩልን።